ከፋዩ ማነው? ዋጋውስ ስንት ነው?

(ስለ አሜሪካ የሕክምና ኢንሹራንስ ክርክር በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ በፊታችሁ ቀርበን የምንናገርበት ጉዳይ ከውቅያኖስ ማዶ የሚገኝ የሌላ አገር ጉዳይ ነው። ስለዚህ «የአሜሪካ ሕዝብ ሐኪም ቤት ገብቶ ምን ያህል ቢከፍል ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ጥያቄ ከመካከላችሁ ቢነሣ አይገርመንም። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዋሽንግተን፣ በሚኒሶታ፣ በዳላስ ወይም በሎስ አንጀለስ ወንድም ወይም እኅት፣ አጎት ወይም አክስት የሌለው ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ እጁን ያውጣ ብንል የሚወጣው እጅ ጥቂት ይመስለናል። ከእነርሱ በሚላከው ገንዘብ የምንማር አለን፤ የእነርሱ ወጪ በጨመረ ጊዜ በመጨረሻ የሚጐድለው የእኛ ቤት መሶብ ነው። ሁለተኛ፣ በአገራችንም ከሠራተኛው ደመወዝ ለጤና መድን መዋጮ እንዲቀነስ የሚያዝ አዋጅ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። እኛም ነገ ደመወዝተኞች ነን። እንግዲህ ከእኛ በፊት በመንገዱ የሄደውን ሰው፣ የት ላይ እንደ ተሰናከለ መጠየቅ ብልኅነት እንጂ በሰው ጉዳይ መግባት አይደለም።

በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ስለ አገራችን ከምንናገርበት ቦታ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ኢንሹራንስ ማለት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት የሩቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገንም፤ እድራችን ይበቃናል። መቼ ማን እንደሚሞትበት ማንም አያውቅም፤ ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ ከመንደሩ አንዳንዱ ቤት ኀዘን እንደሚገባበት የታወቀ ነው። ስለዚህ ሁሉም በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ የደረሰበትም ሰው ከተዋጣው ይረዳል። የጤና ኢንሹራንስም ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። በአሜሪካም የተጀመረው በዚሁ መልክ ነበር። በ1929 ዓ.ም. በዳላስ ከተማ የሚገኘው የቤይለር ሆስፒታል፣ የከተማው መምህራን ያልከፈሉት የሕክምና ዕዳ ተጠራቅሞበት ሳለ፣ አንድ መላ ተገኘ፤ እያንዳንዱ መምህር በወር 50 ሳንቲም እያዋጣ፣ የታመመ እንደ ሆነ እስከ 21 ቀን ድረስ በሆስፒታሉ ተኝቶ እንዲታከም ተስማሙ። ኋላ በመላው አገሩ የተስፋፋው ብሉ ክሮስ የተባለው የኢንሹራንስ ዐይነት መነሻው ይኸው የመምህራን እድር ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ታዲያ ይህን የመሰለ ቀላል ነገር እንዴት ተወሳሰበ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ መንግሥት የዕቃ ዋጋ እንዳይንር ብሎ የደመወዝ ጭማሪን በሕግ ገደበ። ፋብሪካዎች ሠራተኛ ለመሳብ ደመወዝ መጨመር ስላልተፈቀደላቸው በደመወዝ ፈንታ የሕክምና ኢንሹራንስ ይሰጡ ጀመር። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ አሠሪው ለሠራተኛው ኢንሹራንስ የሚከፍለው ገንዘብ ከግብር ነጻ መሆኑ በሕግ ጸና። በዚህ ዐይነት የአንድ አገር ሕዝብ ጤና ከሥራው ጋር ተሳሰረ። ሥራውን ያጣ ሰው እንጀራውንና ሐኪሙን በአንድ ቀን ያጣል፤ ሥራውን የጠላ ሰውም ልጁ የታመመችበት እንደ ሆነ ኢንሹራንሱን ፈርቶ ካልወደደው ሥራ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ተቀምጦ አላቀደውም፤ ለጦርነት ጊዜ የተገኘ መላ ሥር ሰድዶ ሥርዐት ሆነ እንጂ።

ክርክሩም ከዚያ ወዲህ አላረፈም። ፕሬዚዳንት ትሩማን በኖቬምበር 1945 ዓ.ም. ለመላው ሕዝብ የሚሆን የጤና ኢንሹራንስ እንዲቋቋም ለምክር ቤቱ አሳሰቡ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ብዙ ገንዘብ አውጥቶ «ይህ ሶሻሊዝም ነው» ሲል ዘመተባቸው፤ ሐሳቡም ወደቀ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 30 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ ሰዎች ሜዲኬር የተባለውን፣ ለድኾችም ሜዲኬድ የተባለውን ኢንሹራንስ የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ። የፈረሙትም ትሩማን በሚኖሩባት በኢንዲፔንደንስ ከተማ ድረስ ሄደው ነበር፤ የመጀመሪያውንም የሜዲኬር ካርድ ለእኒያ ሽማግሌ ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ክሊንተን ያቀረቡት ዕቅድ በማግሥቱ ዓመት ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት ሞተ። በማርች 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ አሁን በስማቸው የሚጠራውን ሕግ ፈረሙ፤ የእንደራሴዎች ምክር ቤት ያጸደቀውም 219 ለ212 በሆነ ድምፅ ነበር።

ይህ ሕግ ያስገኘውን ጥቅም መካድ ቅንነት አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንሹራንስ ኩባንያ «አንተ ቀድሞም በሽታ ነበረብህ» ብሎ ሰው መመለስ ተከለከለ። ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው ድረስ በወላጆቻቸው ኢንሹራንስ እንዲታከሙ ተፈቀደ። በ2010 ዓ.ም. ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቍጥር ወደ 48 ሚሊዮን ገደማ የነበረው፣ በ2023 ዓ.ም. ወደ 26 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ሆኖም ሕጉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ሰላም አላገኘም። በ2012 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን በጥቂት ድምፅ ብልጫ ካጸና በኋላ፣ ሜዲኬድን ለብዙ ድኾች ማስፋቱን ግን እያንዳንዱ ግዛት እንደ ፈቀደ ያድርገው አለ፤ በ2025 ዓ.ም. እንኳ ገና እንቢ እንዳሉ የቆዩ ዐሥር ግዛቶች ነበሩ። በጁላይ 2017 ዓ.ም. ሕጉን ለመሻር በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የቀረበው ሐሳብ 49 ለ51 ሆኖ ወደቀ። ከጣሉት አንዱ የአሪዞናው ጆን ማኬይን ነበሩ። እኒህ ሰው በዚያው ወር በአንጐላቸው ውስጥ የካንሰር በሽታ ተገኝቶባቸው፣ ታመው ሳሉ መጥተው ነው ድምፃቸውን የሰጡት። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ለኢንሹራንስ ገዢዎች የሚሰጠው የተጨመረ ድጎማ ይቀጥል አይቀጥል በሚል ጠብ፣ ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ድረስ፣ የፌዴራሉ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በከፊል 43 ቀን ተዘጉ። መሥሪያ ቤቶቹ ተከፈቱ፤ ድጎማው ግን በዓመቱ መጨረሻ ላይ አበቃ።

የተከበራችሁ ጓደኞቻችን፤ ከትሩማን መልእክት እስከዚህ ጠብ ድረስ ሰማንያ ዓመት ነው። በዚህ ሰማንያ ዓመት ውስጥ የተደረገውን ክርክር አንብበን በአንድ ቃል እንድናጠቃልለው ብንጠየቅ፣ «ማን ይክፈል?» የሚል ክርክር ነው እንላለን። አሠሪው ይክፈል? መንግሥት ይክፈል? ወይስ በሽተኛው ራሱ? ይህ ጥያቄ ተገቢ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ አጠገብ መነሣት የነበረበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ስለምን ይህን ያህል ይከፈላል?» የሚለው ነው። አንድ እድር ከዓመት ዓመት የሬሳ ሣጥን ዋጋ እየናረበት፣ አባላቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ «መዋጮውን ሀብታሙ ይጨምር፣ የለም ድኻውም ይጨምር» እያሉ ሲጨቃጨቁ ቢያድሩ፣ ሣጥን ሻጩንም ጠርቶ «ዋጋህ ስለምን ጨመረ?» የሚለው ዳኛ ቢታጣ፣ የዚያን እድር ነገር ምን ትሉታላችሁ? የአሜሪካ ክርክር በብዙው ይህን ይመስላል።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንግባ። በ1999 ዓ.ም. አንድ አሠሪና ሠራተኛው ለአንድ ቤተ ሰብ ኢንሹራንስ በዓመት በአማካይ የሚከፍሉት 5,791 ዶላር ነበር። በ2025 ዓ.ም. ይኸው ኢንሹራንስ 26,993 ዶላር ሆነ። ይህም ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው፤ በዚያው ዘመን የሌላው ዕቃ ዋጋ በአማካይ ወደ እጥፍ ገደማ ብቻ ነው የጨመረው። ከዚህ ገንዘብ 6,850 ዶላሩ ከሠራተኛው ደመወዝ በግልጥ ይቀነሳል፤ የቀረውን አሠሪው ይከፍላል። የኢኮኖሚ መምህራኖቻችን እንደሚያስተምሩን ግን አሠሪው የሚከፍለውም ቢሆን ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ ለሠራተኛው በደመወዝ መልክ ሊሰጠው ይችል ከነበረው ላይ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ሳያየው የተወሰደበት ጭማሪ አለ።

አገሪቱ በጠቅላላው በ2023 ዓ.ም. ለጤና ያወጣችው 4.9 ትሪሊዮን ዶላር ነው፤ ይህም ከጠቅላላ ምርቷ 17.6 ከመቶ ሲሆን፣ ለአንድ ሰው ሲካፈል 14,570 ዶላር ይደርሳል። ካናዳና ጀርመን ሕዝባቸውን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ዋስትና ሰጥተው የሚያወጡት ከጠቅላላ ምርታቸው ከ13 ከመቶ በታች ነው። ሰው በአማካይ የሚኖረው ዕድሜ በእነዚህ አገሮች ከ80 ዓመት በላይ ሲሆን፣ በአሜሪካ በ2023 ዓ.ም. 78.4 ዓመት ነበር። ብዙ ተከፍሎ ጥቂት ዕድሜ የተገኘበት ገበያ ነው።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? «አሜሪካኖች ሐኪም ቤት ስለሚያዘወትሩ ነው» የሚሉ ነበሩ። ኡዌ ራይንሃርት የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2003 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ይህ እንዳልሆነ አሳዩ። አሜሪካዊው ሐኪም ዘንድ የሚሄድበትም ሆነ በሆስፒታል የሚተኛበት ቀን ከሌሎቹ ባለጠጋ አገሮች ሕዝብ የሚበልጥ አይደለም፤ የሚበልጠው የእያንዳንዱ ነገር ዋጋ ነው። ያው መርፌ፣ ያው ፎቶግራፍ፣ ያው ቀዶ ጥገና ባሕር ሲሻገር ይወደዳል።

ዋጋው ስለምን በውድድር አይወርድም ቢባል፣ ኬኔት አሮው የተባሉት ሊቅ ገና በ1963 ዓ.ም. መልሱን ጽፈውታል። ገበያ የወጣ ሰው ጤፍ ሲገዛ ዐይቶና ዳስሶ፣ ተከራክሮ፣ ካልተስማማውም ወደሚቀጥለው ነጋዴ ሄዶ ነው። በሽተኛ ግን መቼ እንደሚታመም አያውቅም፤ ምን እንደሚያስፈልገውም የሚነግረው ራሱ ሻጩ ነው፤ ጣር ይዞት ዋጋ እየጠየቀ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል አይዞርም። ስለዚህ ለበሽተኛው የሚከራከርለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። በካናዳና በጀርመን ዋጋው አስቀድሞ በድርድር ይወሰናል፤ በአሜሪካ ግን እያንዳንዱ ኩባንያ ከእያንዳንዱ ሆስፒታል ጋር በየፊናው ስለሚዋዋል፣ ለአንድ ዐይነት ሕክምና በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ ዐይነት ዋጋ ይገኛል። ሆስፒታሎች ዋጋቸውን በግልጥ እንዲያወጡ የታዘዙት እንኳ ከጃንዩወሪ 2021 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። መድኃኒትንም ብንመለከት፣ በ2003 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሜዲኬር የመድኃኒት ወጪ እንዲሸፍን ሲያዝ፣ መንግሥት በዋጋው ላይ ከኩባንያዎቹ ጋር እንዳይደራደር ከለከለ። ከፋይ ሆኖ «ቀንስልኝ» ማለት የተከለከለ ገዢ በየትኛው ገበያ ታይቷል? ይህ ክልከላ በከፊል የተነሣው በ2022 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ነው፤ ድርድር የተደረገባቸው የመጀመሪያዎቹ ዐሥር መድኃኒቶች ዋጋም የጸናው ከጃንዩወሪ 2026 ዓ.ም. ነው።

ለቍጣ ብቻ ሳይሆን ለማሰብም የሚረዳ አንድ ነገር እንጨምር። የ2010 ዓ.ም. ሕግ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከሚሰበስቡት መዋጮ ቢያንስ 80 ከመቶውን፣ ትልልቅ አሠሪዎች በሚገዙት ላይ ደግሞ 85 ከመቶውን፣ ለሕክምና እንዲያውሉት ያዛል። ለሥራ ማስኬጃና ለትርፍ የሚቀርላቸው ከቀሪው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ የመቶ ዶላር ሀያ ከመቶ ሀያ ዶላር ነው፤ የሁለት መቶ ዶላር ሀያ ከመቶ ግን አርባ ዶላር ነው። እንግዲህ የሕክምናው ዋጋ በጨመረ ቍጥር ለኩባንያው የሚቀረውም የሚጨምር ከሆነ፣ ዋጋውን ተሟግቶ እንዲያስቀንስ የሚያስገድደው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ የተቃዋሚውን ወገን ቃል ሳናሰማ ብናልፍ የተማሪ ክርክር አይሆንም። «መንግሥት በሕክምና ላይ እጁን ካስገባ ግብር ይከብዳል፤ በሽተኛውም ወረፋ ይጠብቃል» የሚሉ ሰዎች ባዶ ነገር አልተናገሩም። በካናዳና በብሪታንያ ለአንዳንድ ሕክምና ረጅም ወረፋ መኖሩ የታወቀ ነው። «ከፍተኛው ዋጋ ለአዳዲስ መድኃኒት ምርምር ይውላል» የሚለውም ክርክር ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ወረፋ በአሜሪካም አለ። በገንዘብ ምክንያት ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ የሚቀር ሰው ስሙ በማንም የወረፋ መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ነው የማይታየው። ይህ ሁሉ ብር ለምርምር የሚውል ቢሆንማ የአንድ ቀላል የደም ምርመራ ዋጋ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው መንገድ ባልተለያየ ነበር። በሌላም በኩል «ሁሉን መንግሥት ይክፈል» የሚሉት ወዳጆቻችን አንድ ነገር እንዲያስቡ እንለምናለን፤ ዋጋው ሳይነካ ከፋዩ ብቻ ቢለወጥ፣ ሸክሙ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ትከሻ ተዛወረ እንጂ አልቀለለም።

ይህ ክርክር በወገኖቻችን ላይ የሚያመጣውን አሁን እንመልከት። በአሜሪካ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ታክሲ የሚነዱ፣ አነስተኛ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈቱ፣ በግላቸው ወይም በትንሽ ድርጅት የሚሠሩ ናቸው። ኢንሹራንስ የሚገዛለት ትልቅ አሠሪ የሌለው ሰው በ2010 ዓ.ም. ሕግ በተቋቋመው ገበያ ገብቶ ራሱ ይገዛል፤ በ2025 ዓ.ም. በዚህ ገበያ የተመዘገበው ሕዝብ ከ24 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2021 ዓ.ም. የተጨመረው ድጎማ ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነበር። ኬ.ኤፍ.ኤፍ. የተባለው የጤና ጥናት ድርጅት ድጎማው ከመቋረጡ በፊት ባወጣው ግምት፣ ድጎማ ተቀባዩ በ2025 ዓ.ም. በአማካይ በዓመት 888 ዶላር ይከፍል የነበረው በ2026 ዓ.ም. ወደ 1,904 ዶላር ከፍ እንደሚል አስታወቀ። ገቢው ከድኽነት ወለል አራት እጥፍ በጥቂት ያለፈ ሰው ደግሞ ድጎማውን በሙሉ ያጣል። እንግዲህ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረ ወንድማችን ጥቂት ሰዓት ጨምሮ ቢሠራ፣ ያ ትርፍ ሥራ ከሚያገኘው የሚበልጥ ሊያሳጣው ይችላል ማለት ነው። እርሱም ሦስት ምርጫ ይቀርበዋል፤ ኢንሹራንሱን ትቶ በእግዚአብሔር ተማምኖ መኖር፣ ወይም ከራሱ ቤት መቀነስ፣ ወይም ወደዚህ ከሚልከው መቀነስ። ሦስቱም ለእኛ የቅርብ ጉዳይ ነው።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እንመለስ። በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቍጥር 690 ደመወዝተኛው እንዲያዋጣ አዘዘ፤ የማስፈጸሚያው ደንብም መዋጮውን ከሠራተኛው 3 ከመቶ፣ ከአሠሪውም 3 ከመቶ አድርጎ ወሰነ። አዋጁ ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። በገጠር ግን ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ገበሬው ከምርቱ ሽጦ ካርድ አውጥቷል። ነገር ግን ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲደርስ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ» ቢባል መዋጮው ምን ጠቀመው? በውጭ የሚገዛውስ በማን ዋጋ ነው? አሜሪካኖች ሰማንያ ዓመት ያልመለሱት ጥያቄ በትንሹ ተመስሎ በእኛ ደጅ ቆሟል።

ስለዚህ መዋጮ የተጠየቅን ጊዜ፣ እንደ ብዙ ሰው «ከደመወዜ አይነካ» ብለን ብቻ እንዳንጮኽ፣ ወይም «መንግሥት ያለው ይሁን» ብለን ዝም እንዳንል አደራ እንላለን። ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የሕክምናውንና የመድኃኒቱን ዋጋ ማን ይወስናል፤ በሽተኛውን ወክሎ የሚደራደርስ ማነው? ሁለተኛ፣ ሥራውን ያጣ ሰው መድኑን ይዞ ይቆያል ወይስ ከሥራው ጋር ያጣዋል? ሦስተኛ፣ የተዋጣው ገንዘብ በየዓመቱ በምን ላይ እንደ ዋለ ለመዋጮ ከፋዩ በግልጥ ይነገረዋልን? የእድራችን ጸሐፊ በየጊዜው ተነሥቶ ገቢና ወጪውን ያነባል፤ ከእድር ጸሐፊ የምንጠይቀውን ከትልቁ መድን መጠየቅ ድፍረት ሊባል አይገባም።

ክቡራን መምህራን፤ የሕክምና፣ የሕግና የኢኮኖሚ ትምህርት ክፍሎች በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ በዚህ ጉዳይ ላይ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ እምብዛም አናይም። ማኅበራችን የሦስቱን ክፍል መምህራንና ተማሪዎች የሚያገናኝ የክርክር ምሽት እንዲያዘጋጅ፣ መምህራኖቻችንም እንዲመሩን በትሕትና እንለምናለን። የክርክሩ ርእስም «ማን ይክፈል?» ብቻ እንዳይሆን፣ «ስንት? ስለምንስ?» የሚለው እንዲቀድም እናሳስባለን። ይህን ጥያቄ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ከመጠየቅ መዋጮው ሳይጀመር መጠየቅ ርካሽ ነው።